ሞተሩ አልነሣ ሲል፦ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ በጀልባ የሄደ ሰው አይቶታል። ጀልባዋ ዳር ስትቃረብ ነጂው ከኋላ የተንጠለጠለውን ሞተር ወደ ላይ ያነሣዋል። ካላነሣው ፕሮፔለሩ ድንጋይ ይመታል ወይም ጭቃ ይቆፍራል። ትንንሾቹን ሞተሮች በእጅ ስቦ ማንሣት ይቻላል። ትልልቆቹ ግን ከ100 ኪሎ በላይ ስለሚመዝኑ የራሳቸው ማንሻ አላቸው። ነጂው የነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርጋት፣ ሞተሩ “እዝዝዝ” እያለ ቀስ ብሎ ይነሣል። በእንግሊዝኛው “ፓወር ትሪም ኤንድ ቲልት” የሚሉት ይህንኑ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ቁልፏ ትጫናለች፣ ሞተሩ ግን ዝም ይላል። ጣና ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ 10 ሜትር አይሞላም፤ ዳር ዳሩ ደግሞ ገና ከሩቁ ይሳሳል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጩ ተጨምሯል። ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩን አንሥቶ ማጽዳት የግድ ነው። የማይነሣ ሞተር ያለው ነጂ ወይ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ወይ መቅዘፊያ ያነሣል። ተነሥቶ የማይወርድ ሞተር ደግሞ ጀልባዋን ጭራሽ ከዳር አያነቃንቃትም። የቀኑ ገቢ በዚያው ቀረ ማለት ነው።

ያኔ ዳር ላይ የቆመው ሁሉ አንድ ቃል ይናገራል፦ “ፓምፑ ሞቷል”። ሙሉው ዕቃ ውድ ነው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ በዶላር ነው የሚገዛው። የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ ችግሩ የዛገ የሽቦ ጫፍ፣ የተቃጠለ ፊውዝ ወይም የጎደለ ዘይት ሆኖ መገኘቱ ነው። ስለዚህ ፍተሻው ከርካሹ ይጀምር፤ ውዱ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

እንዴት ነው የሚሠራው?

የመኪና ክሪክ አይታችኋል አይደል? ዘይቱን ተጭናችሁ ፒስተኑ ጭነቱን ያነሣል። ይሄም ያው ነው፤ ልዩነቱ በእጅ ፈንታ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ፓምፑን ማሽከርከሩ ነው። ኤሌክትሪኩ በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ዘይቱ ፒስተኑን ወደ ላይ ይገፋል፣ ሲገለበጥ ወደ ታች ይስባል። አቅጣጫውን የሚቀይሩት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሪሌዎች ናቸው፤ አንዱ ለመውጫ፣ አንዱ ለመውረጃ።

ትሪም የሚባለው ጀልባዋ እየሄደች ሞተሩን በጥቂት ዲግሪ ማስተካከል ነው። ሞተሩ በጣም ወደ ውስጥ ከገባ የጀልባዋ አፍንጫ ውኃውን ያርሳል፣ መሪው ይከብዳል። በጣም ከወጣ ደግሞ ጀልባዋ ትነጥራለች፣ ፕሮፔለሩም አየር ይይዛል። ቲልት የሚባለው ሞተሩን ከነጭራሹ ከውኃ ማውጣት ነው።

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠብቁ

ከተነሣ ሞተር ሥር እጅም ሆነ ጭንቅላት አይገባም። ሞተሩ ተነሥቶ የሚሠራ ከሆነ የራሱን መደገፊያ ብረት አስገቡ፣ በጠንካራ እንጨትም ደግፉት። ጎኑ ላይ በካቻቢቴ የሚከፈት ቡሎን አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ሞተሩን በእጅ ለማንሣትና ለማውረድ ነው የተሠራው። ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ ያለ ድጋፍ ከፈታችሁት ከ100 ኪሎ በላይ የሆነው ብረት ይወርዳል። ጣት የሚቆረጠው ያኔ ነው።

ድምፁን ስሙ

ቁልፏን ተጫኑና አዳምጡ። ችግሩ የት እንዳለ ግማሹን የሚነግራችሁ ድምፁ ነው።

*ምንም ድምፅ ከሌለ* ነገሩ ኤሌክትሪክ ነው። ባትሪውን በቴስተር ለኩት፤ በደንብ የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ቀጥሎ ፊውዙን እዩ፣ ከዚያ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ፈትታችሁ ዝገቱን ፍቁ። ብዙ ሞተሮች ሽፋናቸው ላይ ሌላ ማንሻ ቁልፍ አላቸው። በእሱ ከሠራና በእጀታው ካልሠራ ጥፋቱ እጀታው ላይ ያለው ቁልፍ ወይም ሽቦው ነው። ፓምፑን አትንኩት።

*“ጠቅ” ብሎ ዝም ካለ* ሪሌው ትእዛዙን ሰምቷል፣ ኃይሉ ግን ሞተሩ ጋ አልደረሰም ወይም ሞተሩ አልተቀበለውም። ቁልፏን እንደተጫናችሁ ባትሪውን ለኩ። ከ10 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሩ ጋ የሚደርሰው ካነሰ ደግሞ ገመዱን ወይም ማሳውን ተጠራጠሩ።

*ወደ ላይ ብቻ ወይም ወደ ታች ብቻ ከሠራ* ሁለቱ ሪሌዎች አንድ ዓይነት ከሆኑ አቀያይሯቸው። ችግሩም አብሮ ከተቀየረ፣ ማለትም እምቢ ያለው አሁን ሌላኛው አቅጣጫ ከሆነ፣ ጥፋተኛውን አገኛችሁት። አንድ ሪሌ ነው የምትገዙት።

*ሞተሩ እየዞረ ነገር ግን ምንም ካልተነሣ* ወደ ዘይቱ እንሂድ። በመጀመሪያ የእጅ ማውረጃው ቡሎን በደንብ መጠበቁን እዩ። ላላ ካለ ዘይቱ ዝም ብሎ ይዞራል።

*ተነሥቶ ቀስ እያለ በራሱ ከወረደ* ግፊቱ አንድ ቦታ ያመልጣል። የዚያው ቡሎን ኦሪንግ ተቆርጦ፣ ቫልቭ ውስጥ ቆሻሻ ገብቶ ወይም የፒስተኑ ጎሚኒ አልቆ ሊሆን ይችላል። በቀላሉ ከሚፈታው ቡሎን ጀምሩ።

ኤሌክትሪክ ሞተሩን ብቻውን መፈተሽ

በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ሰማያዊው ሽቦ ለመውጫ፣ አረንጓዴው ለመውረጃ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም ከሪሌዎቹ ንቀሉ። ይህን እንዳትዘሉት፤ ሪሌው ባረፈበት ጊዜ ሽቦውን ከማሳ ጋር አገናኝቶ ስለሚይዘው፣ ሳትነቅሉ ፖዘቲቭ ብታስነኩት ሾርት ታደርጋላችሁ። ከዚያ ፊውዝ ባለው ገመድ ሰማያዊውን ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴውን ከኔጋቲቭ ጋር ለአፍታ አገናኙ። መነሣት አለበት። ሲገለበጥ መውረድ አለበት። ብልጭታ ስለሚኖር የቤንዚን ጀሪካኑን አርቁ። ሦስት ሽቦ ያላቸው አሮጌ ሞተሮችም ስላሉ ያንን ካያችሁ መመሪያውን ሳታዩ አትሞክሩ።

በቀጥታ ተሰጥቶትም ካልዞረ ሞተሩ ይከፈታል። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ያለቀ ካርቦን ወይም ውኃ ገብቶ የፈጠረው ዝገት ነው። ካርቦን ይቀየራል፣ ዝገት ይጸዳል። ውኃው የገባበትን ጎሚኒ ሳትቀይሩ ከገጠማችሁት ግን ብዙም ሳይቆይ ያው ችግር ይመለሳል።

ዘይቱ

በአብዛኞቹ ላይ ዘይቱ የሚታየው ሞተሩ እስከ መጨረሻው ተነሥቶና ተደግፎ ነው። ወርዶ ሳለ ክዳኑን ብትፈቱት በግፊት ሊረጭባችሁ ይችላል። ዘይቱ እስከ ቀዳዳው ከንፈር መድረስ አለበት። እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ውኃ ገብቷል፤ ሁሉም ተፈስሶ ይቀየራል። ዓይነቱን መመሪያው ይነግራችኋል። ብዙ ሠሪዎች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይፈቅዳሉ። የፍሬን ዘይት ግን በፍጹም አይሆንም፤ ጎሚኒዎቹን ያበላሻል።

ከሞላችሁ በኋላ ክዳኑን ገጥማችሁ ሞተሩን አራት አምስት ጊዜ እስከ ላይ አንሡት፣ እስከ ታች አውርዱት። የገባው አየር የሚወጣው እንዲህ ነው። ጥቂት ጠብቃችሁ ዘይቱን ደግማችሁ እዩ፤ ይጎድላል፣ ጨምሩ።

የወጣውን ዘይት በጀሪካን ያዙ። ጣና የዓባይ መነሻ ነው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ዓሣውን ይበላል። ዳር ላይ የሚፈስ ዘይት ገበታችን ላይ ነው የሚመለሰው።

ስልካችሁ ከመፍቻ እኩል ነው

አንድ ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። ቁልፏ ስትጫን የሚሰማውን ድምፅ ቅዱና ለመካኒኩ ላኩለት፤ በቃል ከማስረዳት ይሻላል። ሞተሩ መያዣ ላይ ያለችውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ ያዙ። መመሪያውን የምታገኙትም፣ ትክክለኛውን ዕቃ የምታዙትም በእሷ ነው። “90 ፈረስ ጉልበት ነው” ብሎ ማዘዝ የማይገጥም ዕቃ ያመጣል።

የት ላይ እናቁም?

ሲሊንደሩን ከፍቶ መሥራት ለጀማሪ አይሆንም። ፒስተኑ ውስጥ ሞተሩ ግንድ ሲመታ ምቱን የሚውጡ ትንንሽ ቫልቮች አሉ፤ ለመፍታትም ልዩ መፍቻ ይፈልጋል። እዚያ ከደረሳችሁ ሃይድሮሊክ የሚያውቅ ባለሙያ ጋ ውሰዱት። የሎደርና የገልባጭ መኪና ሃይድሮሊክ የሚጠግን ሰው ነገሩ አይከብደውም። ዘይት የሚችል ኦሪንግ ልኩ ከተወሰደ ከሌላ ቦታም ሊገኝ ይችላል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ባትሪ፣ ፊውዝ፣ የሽቦ ጫፍ፣ ቁልፍ፣ ሪሌ፣ የማውረጃ ቡሎን፣ ዘይት፣ ካርቦን። ፓምፑ ከእነዚህ ሁሉ ኋላ ነው። ሁሉም ተፈትሾ ፓምፑ እውነትም ሞቶ ከተገኘ ይገዛ፣ ምንም አይደል። “ሞቷል” የሚለው ፍርድ ግን ቢያንስ በቴስተር ተለክቶ ይሰጥ። ባለ ጀልባው የሚከፍለው ገንዘብ ብዙ ቀን ተቀዝፎ የተገኘ ነውና።