«ምኞቴን የሚያጠፋ ጸሎት ይስጡኝ»

በኑዛዜ የሰማሁትን አልጽፍም። ይህ ግን ከኑዛዜ ውጭ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆመን ያወራነው ነው። ባለጉዳይዋም «ይጻፉት አባ፣ እንደኔ ያለው ብዙ ነው» ብላ ፈቅዳልኛለች። እንዲያም ሆኖ ሰፈሯንና ሥራዋን አላነሳም።

ዕድሜዋ ከአርባ አልፏል። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ያደገች፣ ሕፃናትን የምታስተምር፣ ድግስ ሲኖር ጓዳውን የምትይዝ ሴት ናት። የጓደኞቿን ሰርግ ሁሉ ደግሳ ድራለች፤ እሷ ግን አላገባችም። ወደ እኔ የመጣችው ግን ባል እንድለምንላት አልነበረም። «አባ፣ ምኞቴን የሚያጠፋ ጸሎት ይስጡኝ። ስግደትም ቢጨምሩበት እችላለሁ። ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ እላለሁ፤ ሰርግ ቤት ገብቼ ስወጣ ግን ያው ነኝ። እምነት ቢኖረኝ እኮ እስካሁን ይወጣልኝ ነበር።»

«እንዲህ ያለ ጸሎት የለኝም ልጄ» አልኳት። መስቀል ተሳልማ ሄደች፤ መልሴ ደስ እንዳላሰኛት ከፊቷ ይታይ ነበር።

ነገሩ የእሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ልጅ ያጣችውም፣ ባሏ ዓረብ አገር ሄዶ ድምፁ የጠፋባትም፣ ከሕመሙ መዳን የናፈቀውም በየተራ መጥተው የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው። በእግዚአብሔር የታመነ ሰው መፈለጉን ያቆማል፤ እኔ መፈለጌን ስላላቆምኩ አልታመንኩም ማለት ነው ይላሉ። ስንት ዓመት ይህን ስሰማ ኖርኩ። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። የሰለቹኝ ሰዎቹ አይደሉም፤ ይህችን ነገር እንደ ትምህርተ ሃይማኖት አድርጎ የሚያስጨብጣቸው ወሬ ነው። አንድ ሰው በጉድለቱ ያዘነው ሳያንሰው ማዘኑ ራሱ ኃጢአት ነው ይባላል፤ እንግዲህ በሁለት ሸክም ይሄዳል።

«አምናችሁ ጠይቁ፣ ከመጪው ሳምንት አያልፍም» የሚለውን ስብከት ሰው ሁሉ ስለሚያወግዘው በእሱ አላደክማችሁም። ማንም የማያወግዘው፣ እንዲያውም ትሕትና የሚመስለው የዚህ ተቃራኒ ነው የሚያሳስበኝ።

እስቲ አብርሃምን እንየው። ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅ ሲወለድለት 100። በእነዚህ 25 ዓመታት መካከል እግዚአብሔር ተገልጦ ዋጋህ ታላቅ ነው ሲለው፣ አብርሃም አመስግኖ ዝም አላለም። ልጅ ሳልወልድ ልሞት፣ ቤቴንም ሎሌዬ ሊወርሰው፣ ስጦታው ምን ሊሆንልኝ ነው የሚል ቅሬታ ነበር ያቀረበው። ዘፍጥረት 15ን ክፈቱና አንብቡት። እምነቱ ጽድቅ ሆኖ ተቆጠረለት የሚለው፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ መሠረቱ ያደረገው ቃል፣ ያለው እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ከቅሬታው ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብሎ ነው። እኛ ግን ጽድቁን ለስብከት አንስተን ቅሬታውን እናልፈዋለን።

የሳሙኤል እናት ሐናም በሴሎ ስታለቅስ ዝም በይ ያላት እግዚአብሔር አልነበረም። ሰካራም መስላው የተቆጣት ካህኑ ዔሊ ነው። የእኛ ሙያ ሰው በሚያለቅስ ሰው ላይ የፈጠነው ዛሬ አይደለም። አንድ ወጣት ዲያቆን ይህን ስናገር ሰምቶ፣ ሐና ጸሎቷን ጨርሳ ስትሄድ ፊቷ እንደ ቀድሞው አላዘነም ይላል፤ ገና ሳትፀንስ ተወችው ማለት አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ፊቷ የተለወጠው መቼ እንደሆነ ይታይ። ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት ካፈሰሰች በኋላ ነው። ዋጥ አድርጋው ብትሄድ ኖሮ ያ ፊት ባልተለወጠ ነበር። ደግሞስ ከዚያ ወደ ቤቷ ሄዳ ከባሏ ጋር ሆነች እንጂ ልጅ ይቅርብኝ አላለችም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የሙሴ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ሙሴ የለመነውን አላገኘም። ዮርዳኖስን ተሻግሮ ያችን መልካም ምድር ለማየት ለመነ። ይበቃል፣ ስለዚህ ነገር ደግመህ አታንሣብኝ ተባለ። ከናባው ተራራ ላይ ቆሞ አገሩን በዓይኑ አየ፤ በ120 ዓመቱም በዚያው ሞተ። ልብ በሉ፤ ልመናውን የዘጋው ተለማኙ ነው እንጂ ለማኙ አይደለም። የጳውሎስም እንዲሁ ነው። ያ የሥጋ መውጊያ እንዲለየው ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መልስ ተሰጠው፤ ከዚያ በኋላ አቆመ። የዛሬዎቹ ግን መልሱ ሳይመጣ የልመናውን ደብዳቤ ራሳቸው ቀድደው መጥተው ቀደድኩት፣ ግን አሁንም ያመኛል ይሉኛል።

የጌቴሴማኒውን ጸሎትማ ገምሰነዋል። ፈቃድህ ይሁን የሚለውን ግማሽ ይዘን በየልቅሶ ቤቱ እንናገራለን። ከፊቱ ያለው ጽዋው እንዲያልፍ የቀረበው ልመና ነው፤ እሱም ሦስት ጊዜ፣ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ እየወረደ። ጌታ ራሱ የፈለገውን ሳይናገር ወደ ሁለተኛው ግማሽ አልተሻገረም። እኛ ከእሱ ይልቅ ጨዋ ልንሆን ነው?

«ትቼዋለሁ» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ፣ ቀስ ብዬ ሳዋያቸው፣ ኩርፊያ ላይ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ለእግዚአብሔር ሁሉን ይነግሩታል፤ የእናታቸውን ሕመም፣ የአገር ሰላም፣ የጎረቤት ልጅ ፈተና። ያችን አንዷን ነገር ግን አያነሷትም። ቅዳሴ አይቀሩም፣ ጾም አይሽሩም፤ ባልና ሚስት ተኳርፈው በአንድ ማዕድ እንደሚቀርቡት ነው። ከውጭ ሲታይ ሰላም ይመስላል። ይህን ዝምታ ደግሞ እኛ እምነት ብለን እናመሰግንላቸዋለን፤ ኩርፊያውም ዕድሜ ያገኛል።

ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ በኩል ይሉኝታ የላትም። እግዚኦታ 41 ጊዜ የምታደርስ ቤተ ክርስቲያን አንድ ጊዜ ተናግረህ ተወው አትልም። ዳዊት በየዕለቱ ሲደገም ሐሙስ ላይ የሚደርሰው መዝሙር 87፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 88 የሆነው፣ በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ያልቃል። መጨረሻው ላይ እንደ ሌሎቹ ወደ ምስጋና አይዞርም። አባቶች ይህን ከዳዊት ሊያወጡት ይችሉ ነበር፤ አላወጡትም። ሳይመለስለት ያደረ ሰው በየሳምንቱ የሚቆምበት ቦታ አለው ማለት ነው።

አጽናኞችንም ልናገራቸው። «ለበጎ ነው» ማለት ሐዘንተኛው ከዓመታት በኋላ ራሱ ሊለው የሚችል ነገር ነው፤ ጎረቤት በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ሲለው ግን አፍ መዝጊያ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ሲቀመጡ አንዳች አልተሳሳቱም። ስሕተቱ የመጣው መናገር ሲጀምሩ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው፤ ያን ሁሉ ምሬት የተናገረው ኢዮብ ግን ቅን እንደ ተናገረ ተመሰከረለት። እግዚአብሔርን ለመከላከል የተደረገው ንግግር ሁሉ መሥዋዕት የሚያስፈልገው ሆኖ ተገኘ።

ላላገቡት ሴቶች ደግሞ የተለየች ምክር አለች፤ «ምናለ መንኩሰሽ ብታርፊ» የምትል። ይህችን ስሰማ እቆጣለሁ። ምንኩስና ሰርግ ለቀረበት ሰው የሚሰጥ ካሣ አይደለም። ገዳም የሚገባው የሚፈልገው ነገር ስላለው ነው፤ እሱም ቢሆን ገብቶ አይጠፋለትም፤ ሌሊት ለሰዓታት ተነሥቶ የሚቆመው ስለሚፈልግ ነው። በሰርግ ቤት «ያንቺንም ያሳየን» የሚሏት እናቶች በቅንነት እንደሚሉት አውቃለሁ። በየወሩ ሲሰማ ግን ምን እንደሚመስል እነሱም ይወቁት። ደግሞ ነገሩ ሁሉ መንፈሳዊ አይደለም። አንዲት ልጅ ቅዳሜና እሑዷን ሁሉ ሕፃናት ስታስተምርና የእኛን ድግስ ስትደግስ ከኖረች፣ ከሰው የምትተዋወቀው መቼ ነው? ጉባኤው በጉልበቷ ይጠቀማል፤ ከዚያ ጸልዪ ይላታል። ልጅ ላጡት ባልና ሚስትም እንዲሁ፤ ጠበሉን እየጠጡ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ፣ ሚስት ብቻ ሳትሆን ባልም እንዲመረመር እመክራለሁ። ባሎች ይህን ሲሰሙ የሚያደርጉትን ፊት ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ።

ታዲያ ለእግዚአብሔር መስጠት ምንድን ነው ብትሉኝ፣ እኔ ከአደራ ለይቼ አላየውም። አደራ ያስቀመጠ ሰው ዕቃውን ይወደዋል፤ ስለሚወደውም ነው ከታመነ ሰው ዘንድ ያኖረው። እየመጣም ይጠይቃል፤ አለ? ይላል። የማይጠይቀው የጣለ ሰው ነው። ምኞቱ ከልቡ የጠፋ ሰው ለእግዚአብሔር የሚያስረክበው ነገር የለውም። ምኞት ጣዖት ሊሆን አይችልም ወይ ለምትሉኝ፣ ይችላል፤ ምልክቱም ሰው ያን ነገር ለማግኘት ሲል ሌላውን መጉዳት፣ መዋሸት፣ ጠንቋይ ቤት መሄድ ሲጀምር ነው። ሰርግ ቤት ሄዶ ሆዱ የባባ ሰው እዚያ ውስጥ አይመደብም።

አንድ ነገር ግን እኛ አገልጋዮቹ ማስተካከል አለብን። የምንተርከው የተፈጸመውን ስእለት ብቻ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ላይ ሰው ጃንጥላና ሻማ ይዞ፣ በስእለት የተወለደ ልጁን ታቅፎ ለክርስትና ይመጣል፤ እልልታው ይገባዋል። ከዚያው ሕዝብ መካከል ግን ዘንድሮም ባዶ እጇን የመጣች፣ ከርሞም የምትመጣ ሴት አለች። ስሟን የሚጠራ የለም። በእኔ ዓይን ከሁላችን ይልቅ ምስክርነት ያላት እሷ ናት፤ ሳታገኝ የምትመላለስበት ምክንያት ስእለት ሰምሮለት ከመጣው ሰው ምክንያት ይጠነክራልና። ማይክራፎን ስጧት ማለቴ አይደለም፤ ትሸማቀቃለች። ቢያንስ ስንሰብክ እዚያ መኖሯን አንርሳ።

ፍልሰታ እየቀረበ ነው። የጾሙን ታሪክ ሁላችንም እንናገረዋለን፤ ሐዋርያት ዮሐንስ የእመቤታችንን ሥጋ አይቶ ለእኛ እንዴት ይቀርብናል ብለው ሁለት ሱባኤ ያዙ፤ በ14ኛው ቀንም የእመቤታችን ሥጋ ተሰጣቸው። ሰው ከዚህ የሚወስደው አቆጣጠሩን ነው፤ ነሐሴ 1 ገብቼ በ14 መልስ ይመጣል ይላል። እኔ የምናገረው ቅናታቸውን ነው። ለእኛ እንዴት ይቀርብናል ማለት ምኞት ነው፤ ጾሙ ምኞቱን ለማጥፋት አልታወጀም። ስለዚህ ዘንድሮ ሱባኤ ለመግባት ፈቃድ ሊጠይቀኝ የሚመጣውን ሁሉ የሚፈልገውን ነገር በስሙ ጠርቶ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ፤ ቀጥሎም ነሐሴ 16 ምንም ሳታገኝ ብትወጣ በማግስቱ ምን ታደርጋለህ ብዬ እጠይቀዋለሁ። መልስ ከሌለው ሱባኤውን አልከለክለውም። ነሐሴ 18 ቀን፣ ከሰርክ ጸሎት በኋላ፣ ወደ እኔ እንዲመጣ ግን ቀጠሮ እይዛለሁ።