እግሩ የተሰበረ ሁሉ ለቢላዋ?

በወለጋ ገጠር በሬ ገደል ገብቶ እግሩ ተሰበረ ከተባለ፣ ቀጥሎ የሚሰማው የቢላዋ መሳል ነው። ጎረቤት ቅርጫ ይገባል፤ ባለቤቱም ጥቂት ብር ይይዛል። የእርሻ ወቅት ሲመጣ ግን በአንድ በሬ አይታረስ ነገር፣ ወይ መቀናጆ ይለምናል፣ ወይ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ነቀምቴ ገበያ እህል የምታመላልስ አህያ ከሆነችማ ሥጋዋም አይበላ፤ ዕጣዋ ለጅብ መጣል ነው።

ታዲያ የእንስሳ አጥንት አይጠገንም እንዴ? ይጠገናል። እንዲያውም ጥቂት ንዝረት ጥገናውን ያግዛል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ነገሩን ስሰማ እኔም ግር ብሎኝ ነበር፤ ወጌሻ የሚያስረው እንዳይነቃነቅ አይደል?

ነገሩ ወዲህ ነው። በአጥንት ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ጫናና እንቅስቃሴ ሲሰማቸው አዲስ አጥንት እንዲሠራ መልእክት ያስተላልፋሉ። ጉድሺፕና ኬንራይት የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ በብረት የተደገፈ የበግ ቅልጥም ስብራት በቀን ለ17 ደቂቃ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እንዲነቃነቅ አደረጉ። ጭራሽ ሳይነቃነቅ ከተያዘው በተሻለ ጠገነ። በ2001 ደግሞ አሜሪካዊው ክሊንተን ሩቢንና ባልደረቦቹ ጤነኛ በጎችን በቀን 20 ደቂቃ በቀስታ በሚርገበገብ ሰሌዳ ላይ ለአንድ ዓመት አቆሙ፤ የጭን አጥንታቸው የውስጥ ክፍል ጥግግት 34 በመቶ ጨመረ።

ሁሉም ግን አልሰመረም። ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ ስብራትን ማከም ለሰው ከተፈቀደ ከዓመታት በኋላ፣ በ2016 የወጣና 501 ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት ፈውሱን እንዳላፋጠነ አሳይቷል።

ለእኛ ገበሬ የሚተርፈው ትምህርት የትኛው ነው? ማሽኑ ገና ሩቅ ነው። «ንዝረት ጥሩ ነው» ተብሎ እግር በእጅ ቢነቀነቅ ደግሞ አዲስ የበቀለው ደም ሥር ይበጣጠሳል፤ ጥናቱ የሚለው በሚሊ ሜትር የተለካ እንቅስቃሴ ነው። የሚጠቅመው መሐል መንገዱ ነው፦ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች ጨምሮ በቀርከሃ ወይም በጄሶ መደገፍ፣ ደም እስኪቆም ግን አለማነቅ። ሰኮናው ከቀዘቀዘ ወይም ካበጠ ማሰሪያው ቶሎ ይላላ፤ አለዚያ እግሩ ይበሰብሳል። ሲሻለውም ጥቂት በጥቂት ይርገጥበት።

ከባድ በሬ ከጉልበቱ በላይ ከተሰበረ፣ አጥንቱም ቆዳ ቀዶ ከወጣ፣ ተስፋው ጠባብ ነው። ጥጃ፣ ፍየልና በግ ግን ቀላል ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ይድናሉ። ነቀምቴ ላይ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ የወረዳ ባለሙያም አለ። ቢላዋ ከመሳሉ በፊት እነሱን መጠየቅ ምን ይጎዳል? ዛሬ የዳነ ወይፈን እኮ የከርሞ ጥማድ ነው።