ተጨማሪ መረጃ፦ ማክሮ ወይስ ፈንክሽን?

በሲ ቋንቋ ከፋይል አንድ ካራክተር ለማንበብ ጌትሲን ወይም ኤፍጌትሲን መጠቀም ትችላላችሁ። ሥራቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ኤፍጌትሲ ፈንክሽን ሲሆን ጌትሲ ግን በማክሮ መልክም ሊሠራ መቻሉ ነው።

ማክሮ ማለት ኮዱ ለኮምፓይለሩ ከመቅረቡ በፊት ፕሪፕሮሰሰሩ በሌላ የኮድ ጽሑፍ የሚተካው ስም ነው። ፈንክሽን ለመጥራት የሚባክነውን ጊዜ ይቆጥባል። ትልቅ ፋይል ካራክተር በካራክተር ሲነበብ ይህ በድሮዎቹ ኮምፒውተሮች ቀላል ነገር አልነበረም። የዛሬ ኮምፓይለሮች ትንንሽ ፈንክሽኖችን ራሳቸው በቦታው ስለሚያስገቡ ጥቅሙ ቀንሷል።

ጣጣው ያለው መተካቱ ላይ ነው። ካሬ(ሀ) የሚባል ማክሮ ((ሀ) * (ሀ)) ተብሎ ቢጻፍ፣ በሀ ቦታ የገባው አርጉመንት ሁለት ጊዜ ይሰላል። በ1989 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሲ ስታንዳርድ ፈንክሽንን የሚተኩ የላይብረሪ ማክሮዎች አርጉመንታቸውን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያሰሉ ያዛል፤ ጌትሲና ካራክተር ወደ ፋይል የሚጽፈው ፑትሲ ግን ፋይሉን የሚያመለክተውን አርጉመንት ቢደግሙት ይፈቀድላቸዋል። እዚያ ቦታ ላይ ++ ያለበት ነገር አትጻፉ! ፈንክሽኑን ራሱን ከፈለጋችሁ ስሙን በቅንፍ ክበቡት፦ (ጌትሲ)(ፋይል)። ከስሙ ቀጥሎ የመክፈቻ ቅንፍ ስለማያገኝ ፕሪፕሮሰሰሩ ሳይነካው ያልፋል።

እስቲ ሞክሩት፦ «ተጠራሁ» ብሎ አትሞ 3ን የሚመልስ ፈንክሽን ጻፉና ለካሬ ማክሮ ስጡት። ካሬን በፈንክሽን መልክ ጽፋችሁም ድገሙት። ቃሉ በእያንዳንዱ ስንት ጊዜ ታተመ?