የሞግዚቷ ስም

ካፉሪ በካርቱም ባሕሪ፣ ከጥቁር ዓባይ በስተ ሰሜን ያለ፣ ሰፋፊ ግቢዎች የሚበዙበት ሰፈር ነው። ከሱዳኑ ጦርነት በፊት እዚያ ስኖር፣ ልጄ ሲተኛ እጽፋለሁ ብዬ ያቀድኩት አልሆነም፤ እሱ ሲተኛ እኔም እደክም ነበር። የጻፍኩት ሞግዚቷ አዝላው ግቢ ውስጥ ስትንጎራደድ ነው። «እትዬ፣ ይጻፉ፤ እኔ አለሁ» ትለኝ ነበር።

የራሷን ልጅ እናቷ ዘንድ ትታ በመተማ በኩል የመጣች የጎንደር ሴት ናት። አርብ አርብ ስትደውል ልጇ አያቱን «እማዬ» ይል፣ እሷን በስሟ ይጠራት ነበር። ስልኩን ስትዘጋ እሷ ወደ ወጥ ቤት፣ እኔ ወደ ጠረጴዛዬ እንሄድ ነበር። ስለ እናትነት የጻፍኳቸው ገጾች ከእሷ እናትነት ላይ በተቆረጠ ሰዓት የተጻፉ ናቸው። ደመወዝ ይከፈላት ነበር፤ በደመወዟም ልጇ ይማር ነበር። ሰዓቱ ግን አይመለስላትም።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ በ1929 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሴት ልቦለድ ለመጻፍ ገንዘብና የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል አለች። እውነት ነው። ዉልፍ ልጅ አልነበራትም፤ ቤቷ ውስጥ ግን ምግቧን የምታበስልላት ሴት ነበረች። ካርቱም ያደገችው ደራሲ ሌይላ አቡሌላም መጻፍ የጀመረችው ትንንሽ ልጆቿን ይዛ ስኮትላንድ፣ አበርዲን ከገባች በኋላ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ልቦለዷን አወጣች፤ በ2000 ደግሞ ለአፍሪካ ጽሑፍ የሚሰጠው የኬን ሽልማት የመጀመሪያዋ አሸናፊ ሆነች። የእንዲህ ያለችን እናት ሥራ ሳነብ፣ ከአድናቆቴ ጋር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ ስትጽፍ ልጆቹን ማን ያዘላት? ባል? አያት? ጎረቤት? የጸሐፊ ሕይወት ታሪክ ላይ ይህ እምብዛም አይሰፍርም። እኔ ግን ከትምህርትና ከሽልማት ዝርዝሩ እኩል ሊሰፍር የሚገባው የሙያችን ጉዳይ ነው እላለሁ፤ ብዙ ጎበዝ ሴቶች ብዕራቸውን ያስቀመጡት ችሎታ አንሷቸው ሳይሆን ልጅ የሚይዝላቸው አጥተው ነውና።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ሰፈሩ ተበተነ። ሞግዚቷም እንደ ብዙ ኢትዮጵያውያን በመተማ ወደ አገሯ ገባች። አሁን ከልጇ ጋር ናት።

የመጽሐፌ የምስጋና ገጽ ላይ፣ በፈቃዷ፣ ስሟ ከአርታዒው ቀድሞ ይገባል። እናት የሆናችሁ ጸሐፊዎች፣ እናንተም ልጅ የያዘችላችሁን ሴት ሙሉ ስም ጠይቃችሁ አስገቡ።