በእናቶች ሞት የሚታየው የዘር ልዩነትና የአገልግሎት ጥራት

ለጤና ከፍተኛ ገንዘብ በምታወጣው በአሜሪካ የእናቶች ሞት በዘር ይለያያል። የአገሪቱ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል ባወጣው መረጃ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የእናቶች ሞት በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ሲሰላ በጥቁሮች 50.3፣ በነጮች ደግሞ 14.5 ነበር። በዚያ ለሚወልዱ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም።

ልዩነቱን ድህነትና የትምህርት ማነስ ብቻ አያብራሩትም። በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 የተሰበሰበው መረጃ እንደሚያሳየው፣ የኮሌጅ ትምህርት ያጠናቀቁ ጥቁር እናቶች ሁለተኛ ደረጃን ካላጠናቀቁ ነጭ እናቶች ይልቅ ለከባድ የወሊድ ጉዳት ተጋልጠዋል። የቆዳ ቀለም በራሱ ደም አያፈስም። ከምክንያቶቹ መካከል ሥር የሰደደ የደም ግፊት፣ በሚወልዱባቸው ሆስፒታሎች መካከል ያለው የጥራት ልዩነት እና የእናቲቱ ቃል ተገቢውን ትኩረት አለማግኘቱ ይገኙበታል። ዝነኛዋ የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች ሴሬና ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ2017 በቀዶ ሕክምና በወለደች ማግስት ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ቀድሞም በሳንባዋ ደም ረግቶ ስለነበር የሲቲ ስካን ምርመራ ጠየቀች። ነርሷ ግን የሕመም ማስታገሻው ያደናገራት እንደመሰላት ሴሬና ተናግራለች። በመጨረሻ ምርመራው ሲደረግ በሳንባዋ የረጋ ደም ተገኘ።

መፍትሔው ምንድን ነው? በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመው የእናቶች አገልግሎት ጥራት ትብብር ሆስፒታሎች የፈሰሰውን ደም በዓይን ከመገመት ይልቅ እንዲለኩ፣ ለደም መፍሰስ የሚያስፈልጉ ዕቃዎችን በአንድ ጋሪ እንዲያዘጋጁና በየደረጃው የተወሰነ እርምጃ እንዲወስዱ አደረገ። እስከ 2013 ድረስ የግዛቲቱ የእናቶች ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። በፕሮግራሙ በተሳተፉ ሆስፒታሎችም ደም በፈሰሳቸው ጥቁርና ነጭ እናቶች መካከል የነበረው የከባድ ጉዳት ልዩነት ጠበበ። በሞት ረገድ ያለው የዘር ልዩነት ግን ገና አልተዘጋም። ልኬትና ቋሚ መመሪያ ባለበት ሁሉ ለባለሙያው ግምት፣ ከግምትም ጋር ለአድልዎ የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው።

በአገራችን ልዩነቱ በአብዛኛው የሚታየው በከተማና በገጠር፣ በሀብታምና በድሃ መካከል ቢሆንም ትምህርቱ ለእኛም ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ የተካሄደ የጥናት ውጤት ይፋ ሆነ። መለኪያ ባለው የፕላስቲክ መቀበያ ደሙን እየለኩ፣ የማኅፀን ማሸትን፣ ኦክሲቶሲንን፣ ትራኔክሳሚክ አሲድን፣ የደም ሥር ፈሳሽንና ምርመራን ሳይዘገዩ በአንድነት መስጠት፣ ከባድ የደም መፍሰስን፣ ለደም መፍሰስ የሚደረግ የሆድ ቀዶ ሕክምናን ወይም ሞትን በ60 በመቶ ቀንሷል። የዓለም የጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ይህንኑ አሠራር መክሯል።

ስለዚህ የወለደችው ማንም ትሁን ማን፣ ደሙ ይለካ፤ 160/110 የደረሰ የደም ግፊት እንደ አስቸኳይ ሕመም ይታከም፤ እናቲቱ «ደህና አይደለሁም» ስትል ቃሏ እንደ አንድ የሕመም ምልክት ተቆጥሮ ምርመራ ይደረግላት። የማዋለጃ ክፍል ኃላፊዎችም የሞትና የከባድ ጉዳት መዝገባቸውን በመኖሪያ ቦታና በመጡበት ርቀት ለይተው ቢመረምሩ፣ አገልግሎቱ የትኛዋን እናት እየዘለለ እንደሆነ ይገነዘባሉ።