ቀይ ቀለም ከብራና እስከ ተርሚናል

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አድባራት የሚገኙ የብራና መጻሕፍትን የተመለከተ ሰው፥ ቀለም በጽሑፍ ላይ የሚሠራውን ሥራ አይዘነጋም። ቁም ጸሐፊው በጥቁር ቀለም ሲጽፍ ቆይቶ ከአርእስት ወይም ከቅዱስ ስም ሲደርስ ብርዑን ይለውጣል፤ ያን ስፍራ በቀይ ይጽፈዋል። ይህም ለክብር ነው፤ ዓይንም የሚፈልገውን ፈጥኖ እንዲያገኝ ይረዳል። ገጹን ሁሉ በቀይ ቢጽፈው ኖሮ ግን የቱን ከየቱ በለየ ነበር?

የዛሬው ወጣት ባለሙያም ይኸው ጥያቄ በተርሚናል ላይ ይገጥመዋል። ተርሚናል ማለት ለኮምፒዩተሩ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት፥ መልሱም በጽሑፍ የሚመጣበት መስኮት ነው። ሺህ መስመር በአንድ ቀለም ሲወርድ «ስሕተት» የምትለዋ አንዲት ቃል ሳትታይ ታልፋለች፤ የተበላሸውም መዝገብ ሳይታረም ይቀራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ከቃሉ በፊት ኢስኬፕ የተባለውን የማይታይ ምልክት፥ የአራት ማዕዘን ቅንፍ መክፈቻ፥ ቁጥርና ኤም የተባለችውን የላቲን ፊደል ይልካል። ቁጥሩ 31 ከሆነ ቃሉ ቀይ ይሆናል፤ 32 አረንጓዴ ያደርገዋል፤ 1 ያደምቀዋል፤ 4 ከሥሩ ያሰምርበታል፤ 0 ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። 0ን የረሳ ሰው ተከታዩን ሁሉ ቀይ ሆኖ ያገኘዋል። ይህን ሥርዓት ካስፋፉት መሣሪያዎች አንዱ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ቪቲ 100 ተርሚናል ነው።

ይሁን እንጂ ከብራናው ጋር አንድ ልዩነት አለው። የድጓ ተማሪ ትምህርቱን በሚያስመሰክርባት በጋይንት ቤተልሔም፥ የዜማው ምልክት የሚጻፈው ከንባቡ በላይ በቀጭኑ ነው፤ ስለዚህ ምልክቱን የማያውቅ ሰው እንኳ ንባቡን ሳይቸገር ያነባል። የተርሚናሉ ምልክት ግን በመስመሩ ውስጥ ከቃሉ ጋር ይጓዛል። ጽሑፉ ወደ ፋይል የተላከ እንደ ሆነ፥ ቅንፉና ቁጥሩ በሪፖርቱ መካከል ተደንቅሮ ይገኛል። አስተዋይ ፕሮግራም ስለዚህ ጽሑፉ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይመረምራል፤ ወደ መስኮት ከሆነ ቀለሙን ይጨምራል፤ ወደ ፋይል ከሆነ ይተወዋል።

ከሁሉ በላይ፥ ቀይና አረንጓዴ የማይለይላቸው ወገኖች መኖራቸውን አንርሳ። «ስሕተት» የሚለው ቃል ራሱ ይጻፍ፤ ቀለሙ ያግዘው እንጂ አይተካው። ቁም ጸሐፊውም ቅዱሱን ስም በቀይ ጻፈው እንጂ፥ በስሙ ፈንታ ቀይ ነጥብ አኑሮ አላለፈም።