«ካላመመኝ አልጎዳኝም»፦ ስለ ኢርፎን፣ ስለ ራስ ምታትና ስለ ጆሮ ድካም

ኢርፎን ሰክቶ የዋለ ልጅ ማታ ግንባሩን ይዞ ሲቀመጥ ቤት ውስጥ ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል። «ይሄ ጆሮህ ውስጥ የምትወሽቀው ነገር ነው» ይባላል፤ ገመድ አልባ ከሆነ ደግሞ «ጨረሩ ነው» ይከተላል። ልጁም አንድ ፓራሲታሞል ውጦ በማግሥቱ ያንኑ ይደግማል። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት ግማሽ ነው። ኢርፎንም ሆነ ሄድፎን ራስ ሊያሳምም ይችላል፤ መንገዱ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ዋናው ስሕተት ራስ ምታቱንና የጆሮውን ጉዳት እንደ አንድ ነገር ማየት ነው። ራስ ምታቱ ያማል፣ ግን ያልፋል። የጆሮው ጉዳት አያምም፣ ግን አይመለስም።

«የብሉቱዙ ጨረር ነው ራሴን የሚያመኝ»

ብሉቱዝ የሚሠራው 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ በሆነ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ዋይፋይም ከዚያው መንደር ነው። ይህ ሞገድ እንደ ኤክስሬይ የሰውነትን ሞለኪውሎች የመስበር አቅም የለውም። ኃይሉም ትንሽ ነው፤ አብዛኞቹ ማዳመጫዎች የሚያሰራጩት ጥቂት ሚሊዋት ሲሆን ስልኩ ራሱ ኔትወርክ ሲፈልግ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ጨረር የሚያሳስበው ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከሚያወራ በማዳመጫ ቢያወራ ይሻለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2011 እ.ኤ.አ. የሬዲዮ ሞገዶችን «ካንሰር ሊያስከትሉ ይችሉ ይሆናል» በሚለው ምድብ ማስቀመጡ እውነት ነው። ምድቡ ግን ማስረጃው ውስን መሆኑን የሚገልጽ ነው፤ ስለ ራስ ምታትም የሚለው ነገር የለም።

ታዲያ ራስን የሚያመው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ ተራ ነው፤ መጫን። ሐኪሞች በሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ የራስ ምታት ምደባ ውስጥ «ከውጭ በሚመጣ ግፊት የሚነሣ ራስ ምታት» የሚባል ራሱን የቻለ ዓይነት አለ። የሞተር ሳይክል ሄልሜት፣ የዋና መነጽር፣ ጠባብ ኮፍያ ያመጡታል፤ ጥብቅ ሄድፎንም ጭንቅላትን የሚይዘው በዚያው መንገድ ነው። መለያው ግልጽ ነው፦ ዕቃው ከተደረገ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ከወለቀ በኋላም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ስለዚህ ክኒን ከመፈለግዎ በፊት ሄድፎኑን አውልቀው ሰዓትዎን ይመልከቱ።

መነጽር ለሚያደርግ ሰው ችግሩ ድርብ ነው፤ የሄድፎኑ ትራስ የመነጽሩን እጅ ከጆሮ ጀርባ ካለው አጥንት ጋር ያጣብቀዋል። ትናንት ሹሩባ የተሠራች ሴትም ከዚህ አታመልጥም። ፀጉር ተወጥሮ ሲታሰር የሚመጣው ራስ ምታት በዚያው ምደባ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው፤ በዚያ ላይ የሄድፎን ቅስት ሲጫን ሥቃዩን ያባብሰዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቅስቱን ላላ ማድረግ፣ አዲስ ዕቃ ከሆነ ማታ ማታ ከጭንቅላት ትንሽ በሚሰፋ ካርቶን ላይ ወጥሮ ማሳደር፣ በየጊዜው ቦታውን ማዛወር፣ ሹሩባው እስኪላላ ደግሞ በትንሿ ኢርፎን መቆየት።

ሙዚቃ ሲሰማ ሰውነቱ ምን እያደረገ እንደሆነ የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው። አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ፣ መንጋጋውን ነክሶ፣ ሁለት ሰዓት ሳይነቃነቅ የተቀመጠ ሰው ሙዚቃ ባይሰማም ራሱን ያመዋል። ጾም ላይ ያለና የጠዋት ቡናውን ያጣ ሰውም እንደዚሁ፤ ከቡና መቅረት የሚመጣ ራስ ምታት በአንድ ቀን ውስጥ የሚነሣ የታወቀ ነገር ነው። ኢርፎኑ በሰው ጥፋት ሲከሰስ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ማይግሬን ያለበት ሰው ግን የተለየ ነው፤ ሕመሙን ድምፁ ራሱ ሊቀሰቅስበት ስለሚችል፣ ሲጀምረው ድምፁን ቀነስ ማድረግ ሳይሆን ማጥፋት ነው ያለበት።

«ካላመመኝ አልተጎዳሁም»

ሰውን እየጎዳ ያለው እምነት ይሄ ነው። ጆሮ ላይ ሕመም የሚሰማው ድምፁ 120 ዴሲቤል አካባቢና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ጉዳት ግን ከ85 ጀምሮ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ከተሰማ፣ ሥራውን ይጀምራል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ሰፊ ሜዳ አለ፤ ሙዚቃ የምናዳምጠውም እዚያ ሜዳ ላይ ነው፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ።

ዴሲቤል እንደ ኪሎ በተራ አይደመርም። ድምፅ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር ወደ ጆሮ የሚገባው ኃይል እጥፍ ይሆናል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ስሌትም በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት፣ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ። ብዙ ስልኮች እስከ ጥግ ሲከፈቱ 100 ሊደርሱ ይችላሉ፤ ሦስት አራት ዘፈን ሲያልቅ የቀኑ ድርሻ አለቀ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሙዚቃ አድማጮች ያስቀመጠው ወሰን ደግሞ በሳምንት ይቆጠራል፦ በ80 ዴሲቤል 40 ሰዓት፣ በ90 ዴሲቤል ግን 4 ሰዓት። ለልጆች የ40 ሰዓቱ ወሰን ወደ 75 ዴሲቤል ዝቅ ይላል።

በውስጥ ጆሮ፣ ኮክሊያ በሚባለው ጥምዝምዝ አካል ውስጥ፣ ስንወለድ 15,000 ያህል ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አሉን። ወፎች የሞተባቸውን መልሰው ያበቅላሉ፤ የሰው ልጅ አይችልም። ከኮንሰርት ወይም ከረጅም መንገድ በኋላ «ጆሮዬ ጭው አለብኝ»፣ «ደፈነኝ» የምንለው እነዚህ ሕዋሳት ደክመው ነው። በማግሥቱ ሲለቀን «ዳንኩ» እንላለን። በ2009 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ሻሮን ኩጃዋና ቻርልስ ሊበርማን በአይጦች ላይ ያደረጉት ጥናት ይህን መጽናኛ አናግቶታል። የአይጦቹ የመስማት ልኬት ወደ ቦታው ቢመለስም፣ ሕዋሳቱን ከነርቭ ጋር የሚያገናኙት መጋጠሚያዎች ብዙዎቹ ጠፍተው ቀርተዋል። ሰው ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ገና ክርክር አለበት፤ እኔ ግን በጆሮዬ አልወራረድም።

በጩኸት የሚመጣ ጉዳት ቀድሞ የሚነካው 4,000 ኸርዝ አካባቢ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ነው። እንደ ስ፣ ፍና ጽ ያሉት ተነባቢዎች ከዚህ ወገን ናቸው። ለዚህ ነው ተጎጂው «አልሰማም» ሳይሆን «እሰማለሁ፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም» የሚለው፤ በተለይ ሰው በበዛበት ቤት። «ጆሮዬ ለምዶታል» የሚለውም ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለዚሁ ነው። ጆሮ ጩኸትን አይለምድም። ትናንት ይበቃ የነበረ ድምፅ ዛሬ ካነሰዎት፣ የቀነሰው ስልኩ ላይሆን ይችላል።

«ጩኸት የሚያጠፋው ሄድፎን ጆሮ ያፍናል»

አንዳንድ ሰው ይህን ሄድፎን ሲያበራው አውሮፕላን ሲነሣ እንደሚሰማው ዓይነት መታፈን ይሰማዋል። ስሜቱ እውነት ነው፤ የአየር ግፊቱ ግን አልተለወጠም። ዕቃው የሚያደርገው በማይክሮፎን የውጭውን ጩኸት ሰምቶ ተቃራኒውን ሞገድ መልቀቅ ነው፤ በተለይ ወፍራሞቹ ድምፆች ሲጠፉ አንጎል የግፊት ለውጥ ያለ ይመስለዋል። የቦዝ የድምፅ ዕቃዎች ኩባንያ መሥራች ለሆነው ለአማር ቦዝ የዚህ ሄድፎን ሐሳብ የመጣለት በ1978 እ.ኤ.አ. አውሮፕላን ውስጥ ነበር፤ የሞተር ጩኸት ሙዚቃውን ሲያበላሽበት። የሚያጥወለውለው ወይም ራሱን የሚያመው ሰው የማጥፊያውን ደረጃ ዝቅ ያድርገው፣ ወይም ጆሮው ላይ በደንብ በሚገጥም ተራ ኢርፎን ይተካው።

መጥፎ ዕቃ ነው ብሎ መተው ግን አያዋጣም። ሚኒባስ ውስጥ የሞተሩ ድምፅ፣ የወያላው ጥሪና የሹፌሩ ቴፕ ላይ የራስዎን ዘፈን ለመስማት ምን ያህል እንደሚጨምሩ ያስቡት። ጉዳቱ የሚገባው በዚህች ፉክክር ነው። የውጭውን ጩኸት የሚከለክል ማዳመጫ ፉክክሩን ያስቀራል፤ አስፋልት ሲሻገሩ ብቻ ያውልቁት። ቀላሉ ዘዴ፦ ድምፁን ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ይምረጡ፣ ታክሲ ውስጥ ሲገቡ አይንኩት።

«ኦሪጅናል ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ቶሎ ይመለሳል፦ 100 ዴሲቤል ከውድ ዕቃ ቢወጣም 100 ዴሲቤል ነው። ርካሹ በሌላ በኩል ያደክማል፤ ቀጭኑ ድምፅ ሲሾልና ሲሻክር ጆሮ ይሰለቻል፣ ሰውም ይነጫነጫል። በስልኩ ኢኳላይዘር 3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ብዙ ያሳርፋል። «ድምፁን 60 ከመቶ ላይ ነው የማደርገው» የሚልም አለ፤ ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን የአንዱ ስልክ 60 ከመቶ ከሌላው ጋር እኩል አይደለም። ስልኩ «ድምፁ በዝቷል» ብሎ ሲያስጠነቅቅ ሳያነቡ «እሺ» ከመጫን ማንበብ ይበጃል። በየሰዓቱ ዐሥር ደቂቃ ጸጥታ መስጠትም ክፍያ አይጠይቅም።

ጆሮ ሲደፍን በክብሪት እንጨት ወይም በጥጥ መቆርቆርም ይቅር፤ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም።

ክኒኑን በተመለከተ፦ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለወራት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። እዚህ ከደረሱ ጥያቄው የኢርፎን አይደለም፣ የሐኪም ነው። የጆሮዎ ጭው ማለት ከሁለት ቀን በላይ ካልለቀቀም ይታዩ። አንዱ ጆሮ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መስማት ካቆመ ግን «ኩክ ይሆናል» ብለው አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ጆሮ ሐኪም ይሂዱ፤ ሕክምናው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ከዘገየ የመሳካት ዕድሉ በጣም ይቀንሳል።